ስፖርት መኪና ለዕለት ተዕለት ለምትነዱ፦ የፍሬን ሸራ አመራረጥ ከመግዛት እስከ ማላመድ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወንድማችን እዚሁ ቨርጂኒያ ያገለገለ ሱባሩ ቢአርዚ ገዝቶ ደወለልኝ፣ እንኳን ደስ አለህ ምናምን ከተባባልን በኋላ የመጀመሪያ ጥያቄው “ከሁሉም ጠንካራው ፍሬን ሸራ የቱ ነው?” የሚል ነበር። እኔም የራሴን ቢአርዚ የገዛሁ ሰሞን በትክክል ይሄንኑ ነው የጠየቅኩት፣ መልስ አገኘሁ፣ ገዛሁ፣ አስገጠምኩ፣ ከዛ ጃንዋሪ ላይ አንድ ጠዋት የሆነውን ልንገራቹ። መኪናው ውጪ አድሯል፣ ውጪው ከዜሮ በታች ነው፣ ከሰፈራችን የሚያስወጣው ቁልቁለት ላይ በ25 ማይል እየወረድኩ ታች ያለው ስቶፕ ጋ ስደርስ ፍሬን ያዝኩ። ፔዳሉ እንደ እንጨት ደርቆ ቆመ እንጂ መኪናው አልያዘም። ባለ በሌለ ጉልበቴ ረገጥኩት፣ መስመሩን አልፌ የመኪናው ግማሽ መንገድ ውስጥ ገብቶ ነው የቆምኩት፣ በግራ በኩል የተማሪዎች አውቶቡስ እየመጣ ነበር። ሹፌሯ ቀድማ አይታኝ ስለነበር ቀስ ብላ ቆመችልኝ፣ ምንም አልተፈጠረም፣ ግን እጄ መሪው ላይ እየተንቀጠቀጠ ሁለት ደቂቃ ያህል መንቀሳቀስ አልቻልኩም።

በዛው ሳምንት አሌክሳንድሪያ ወዳሉ አንድ የኛ ሰው መካኒክ ወሰድኩት። “ጋሼ ሸራው የተበላሸ መሰለኝ” አልኳቸው። ጎማውን ፈተው ዲስኩን በአውራ ጣታቸው ከዳር ወደ መሀል ዳሰሱት፣ እንደ ሸክላ ዘፈን ዲስክ ቀለበት ቀለበት ሰርቶ ተቦርቡሯል፣ ቸርኬው ውስጡ በሙሉ ዝገት በሚመስል ትቢያ ተሸፍኗል። “ልጄ ሸራህ ምንም አልሆነም፣ ይሄ እሳት ሲበላ ነው የሚሰራው፣ አንተ ደግሞ ለልጅህ ወተት ልትገዛ ነው የምትነዳው” አሉኝ። ለሬስ ትራክ የተሰራ ሸራ ነበር የገዛሁት። አዲስ ነው፣ ውድ ነው፣ ካልጋለ ግን አይዝም።

ስለዚ ይሄን መመሪያ የምጽፈው አንድ ነገር እንድትይዙልኝ ነው፣ ለየቀኑ የሚነዳ መኪና ሸራ የሚመረጠው በጣም ሲግል በሚሰራው ስራ ሳይሆን ጠዋት ከቤት ስትወጡ ቀዝቅዞ በሚይዘው የመጀመሪያ ፍሬን ነው። ሙቀት መቻሉ ከዛ በኋላ የሚመጣ ነው። ቅደም ተከተሉን ከገለበጣቹት እንደኔ ስቶፕ አልፋቹ ትቆማላቹ።

መጀመሪያ ሸራው ምን እንደሚሰራ እንግባባ

ፍሬን መኪናውን የሚያቆመው ሸራው ከጎማው ጋር የሚዞረውን የብረት ዲስክ ጨብጦ የመኪናውን ጉልበት ወደ ሙቀት ቀይሮ ነው፣ ሌላ አስማት የለውም። ቢአርዚ (የመጀመሪያው ትውልድ፣ ከ2013 ሞዴል ጀምሮ ያለው) ባዶውን 1,250 ኪሎ ገደማ ነው፣ እኔና ዕቃዬ ስንጨመር 1,350 እንበል። ከ60 ማይል በሰዓት ተነስቼ ሙሉ በሙሉ ስቆም ወደ ሙቀት የሚቀየረው ጉልበት 485 ኪሎጁል አካባቢ ነው፣ ማለትም አንድ ሊትር ተኩል የሚጠጋ የቧንቧ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት፣ እሱም ምድጃ ላይ ተጥዶ ሳይሆን በሦስት አራት ሰከንድ ውስጥ። በ30 ማይል ብሄድ ደግሞ ግማሹ ሳይሆን ሩቡ ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ይሄን ሂሳብ ያወቀ ሰው ለምን ከተማ ውስጥ ምንም የማይለው ሸራ ተራራ ሲወርድ እንደሚሸት ይገባዋል።

ከተማ ውስጥ ዲስኩ አብዛኛውን ጊዜ ከ200 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ነው የሚውለው፣ ረጅም ቁልቁለት ላይ 300ን ሊያልፍ ይችላል፣ ትራክ ላይ ደግሞ 500ም ከዛ በላይም ይደርሳል። እያንዳንዱ ሸራ ከነዚህ ውስጥ የራሱ ቤት አለው። ሦስቱንም ቤት እኩል የሚያስተዳድር ሸራ የለም፣ አለ የሚላቹ ሻጭ ካለ ሸራውን አስቀምጡና ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ደረጃ 1፦ አነዳዳቹን በሐቅ ጻፉት

በሐቅ የምለው ለምንድነው፣ ስፖርት መኪና ስንገዛ ሁላችንም ልባችን ትራክ ላይ ነው ያለው፣ መኪናው ግን የሚውለው 395 የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ተሰልፎ ነው። ስልካቹ ላይ እንዲ ብላቹ ጻፉ፦ በሳምንት ስንት ቀን ስራ እሄድበታለሁ፣ ክረምት ላይ እነዳዋለሁ ወይ፣ ውጪ ነው የሚያድረው ወይስ ጋራዥ፣ ልጅ አጠገቤ ይቀመጣል ወይ፣ በዓመት ስንት ጊዜ ተራራ እወጣለሁ፣ ትራክ የሄድኩበት ቀን አለ ወይስ “እሄዳለሁ” ብቻ ነው። የኔ ሲጻፍ አምስት ቀን ስራ፣ ክረምት አዎ፣ ውጪ ያድራል፣ ልጅ አለ፣ ተራራ በዓመት አምስት ስድስቴ፣ ትራክ ዜሮ። ይሄ ዝርዝር ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ያን የሬስ ሸራ አልገዛም ነበር።

ከዝርዝሩ ውስጥ ሁለት ነገር አውጡ፣ አንዱ በጣም ቀዝቃዛው ቀናቹ ነው ሌላው በጣም የሚያግለው ቀናቹ። የሸራቹ ቤት እነዚህ ሁለቱ መሀል ነው። የኔ ቀዝቃዛው የጃንዋሪ ጠዋት ነው፣ የሚያግለው ደግሞ ኦክቶበር ላይ ቅጠሉ ሲቀላ ስካይላይን ድራይቭ የሚባለው የቨርጂኒያ ተራራ መንገድ ወጥቼ ስወርድ ነው።

እሷን ቀን ትንሽ ላውራቹ፣ ምክንያቱም ከሬስ ሸራው በኋላ ተናድጄ ወደ ሌላኛው ጫፍ ነው የሄድኩት፣ ሱቅ ውስጥ ካለው በጣም ርካሹን ኦርጋኒክ ሸራ ነበር ያስገባሁት። ጠዋት ጠዋት እንደ ቅቤ ነው፣ ድምጽ የለ ትቢያ የለ። ከዛ ከአዲስ አበባ የመጣች የአክስቴን ልጅ ይዤ ስካይላይን ድራይቭ ወጣን፣ ላይ ያለው መንገድ 105 ማይል ርዝመት አለው ፍጥነቱም 35 ማይል ስለሆነ ምንም አይልም፣ ችግሩ ከቶርንተን ጋፕ በ211 መንገድ ወደ ስፔሪቪል ከተማ ስንወርድ ነው፣ ጥምዝምዙ አያልቅም እኔም በየኩርባው ፍሬን ነክቼ እለቃለሁ። ግማሽ ላይ እሷ “አንተ፣ ፀጉር የተቃጠለ ይሸታል” አለችኝ። ቀጥሎ ባለው ኩርባ ፔዳሉ እንደ ድሮው ጠንካራ ነው፣ መኪናው ግን የሚቆመው በግማሽ ልብ ነው። ዳር ያዝኩና ሃያ ደቂቃ አረፍን።

እዚ ጋ በጣም ጠቃሚ ልዩነት አለ፣ ያዙልኝ። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው አልቆም ካለ ሸራው ነው ከሙቀት ቤቱ የወጣው። ፔዳሉ ለስላሳ ሆኖ ወደ ታች ከሰመጠ ግን የፍሬን ዘይቱ ነው የፈላው፣ እሱ የባሰ ነው፣ ሸራ ብትቀይሩ አይድንም። እና ሁለቱንም የሚያስቀረው ትልቁ መድኃኒት ማርሽ መቀነስ ነው፣ ዓባይ በረሃን ከጎሃ ጽዮን በከባድ ማርሽ የወረደ ሹፌር ይሄን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል፣ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝ ታደርጋላቹ ፍሬኑን ደግሞ ለኩርባው ታስቀምጡታላቹ። ጫን ሳይሉ ረጅም መንገድ እየጎተቱ መያዝ ሸራውን ያበስለዋል፣ ጠንከር አድርጎ አጭር ይዞ መልቀቅ ግን ያሳርፈዋል።

ደረጃ 2፦ መኪናቹ ላይ ያለው ፍሬን የትኛው እንደሆነ እዩ

አንድ ስም ያለው መኪና ሁለት ሦስት ዓይነት ፍሬን ሊኖረው ይችላል። ቢአርዚን ብንወስድ ተራው ፊት ለፊት 294 ሚሊ ዲስክ ከሁለት ፒስተን ተንሸራታች ካሊፐር (ሸራውን በፒስተን ገፍቶ ዲስኩ ላይ የሚያጣብቀው ክፍል) ጋር ነው ያለው፣ ከ2017 ጀምሮ የመጣው ፐርፎርማንስ ፓኬጅ ግን ብሬምቦ ባለ አራት ፒስተን ከ326 ሚሊ ዲስክ ጋር ነው። ሸራቸው አይገጣጠምም። ያገለገለ መኪና ከሆነ ደግሞ የድሮው ባለቤት ከሌላ መኪና ካሊፐር አምጥቶ ገጥሞ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚ በመኪናው ስምና ዓመት ብቻ አትዘዙ። ጎማ ፍቱ፣ ካሊፐሩን ፎቶ አንሱ፣ ያለውን ሸራ ቅርጽ እዩ፣ ቢቻል የቅርጹን ቁጥር (በዲ ፊደል የሚጀምረውን) ከሚገዛው ጋር አመሳክሩ።

የፊትና የኋላውን አንድ ላይ አስቡት። አብዛኛውን ስራ የሚሰራው የፊቱ ነው፣ ፍሬን ስትይዙ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል። ብዙ ሰው የፊቱን ብቻ ጥሩ ገዝቶ የኋላውን ይረሳዋል፣ እሱ እንኳን ይቻላል፣ መኪናው ትንሽ ዘግይቶ ይቆማል እንጂ ቀጥ ብሎ ነው የሚቆመው። በተቃራኒው የኋላው ከፊቱ የበለጠ የሚይዝ ከሆነ ግን በዝናብ ጊዜ ኩርባ ላይ የኋላ ጎማ ቶሎ ይቆለፋል፣ ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሲስተም) ቀድሞ ይገባል፣ የኋላው ይወዛወዛል፣ በተለይ በኋላ ጎማ የሚገፋ ቀላል መኪና ላይ ያስፈራል። ስለዚ ከአንድ ካምፓኒ አንድ ዓይነት ሸራ አራቱም ጎማ ላይ ይሁን፣ እኔ ከዚ ወዲያ ሌላ ነገር አልመክርም።

ደረጃ 3፦ ከምን እንደተሰራ ለዩ

ሸራ የምንለው በእርግጥም አንድ ጊዜ ጨርቅ ነበር። በ1897 ኸርበርት ፍሩድ የሚባል እንግሊዛዊ ፌሮዶ የሚባለውን ካምፓኒ ሲጀምር የድሮዎቹ የፍሬን ልብሶች ከተሸመነ ጥጥ ነበር የሚሰሩት፣ ከዛ አስቤስቶስ መጣ፣ ለሙቀት ጥሩ ነበር ለሳንባ ግን መርዝ ነው። አሜሪካ ውስጥ ክሪሶታይል የሚባለው ዓይነት ሙሉ በሙሉ እንዲታገድ የተወሰነው በ2024 ነው፣ ስለዚ ያረጀ መኪና ስትፈቱ ትቢያውን በአየር አትንፉት፣ በርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

ዛሬ ሱቅ ስትገቡ የምታገኙት በግርድፉ አራት ዓይነት ነው።

ኦርጋኒክ ለስላሳ ነው፣ ድምጽ የለውም፣ ቀዝቅዞ ጥሩ ይይዛል፣ ዲስክ አይበላም። ቶሎ ያልቃል፣ ሙቀት ሲበዛ ደግሞ ከላይ እንዳወራሁት ይከዳል። ቤት፣ ስራ፣ ገበያ ብቻ ከሆነ ምንም አይልም፣ ስፖርት መኪና ግን አንድ ቀን ያስፈትናቹሃል።

ሴራሚክ የሚባለው ትቢያው ጥቂት ነው፣ ያለውም ፈዛዛ ስለሆነ ቸርኬ አያጠቁርም፣ ፀጥ ያለ ነው፣ ዕድሜው ረጅም ነው። ፔዳሉ ላይ ትንሽ ደንዘዝ ይላል፣ ማለትም ስትነኩት ወዲያው ንክስ አያደርግም ቀስ ብሎ ነው የሚገነባው። ብዙ የጃፓን መኪና ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው ከነዚህ ከሁለቱ ዘመድ ነው።

ሴሚ ሜታሊክ ብረት ይበዛበታል። ሙቀት ይችላል፣ ፔዳሉ ላይ ያለው ስሜት አሪፍ ነው፣ ትቢያው ጥቁር ነው፣ አንዳንዱ ያፏጫል፣ ዲስክም በልቶ ነው የሚኖረው። የጀርመን መኪኖች ፊት ቸርኬያቸው ሁልጊዜ የሚጠቁረው ከፋብሪካ የሚገጠምላቸው ሸራ ወደዚህ ዘር ስለሚያዘነብል ነው፣ ለአውቶባን ፍጥነት የተመረጠ ነው። ስፖርት መኪና ለዕለት ተዕለት ለሚነዳ ሰው አብዛኛው ጥሩ ምርጫ ያለው “ፐርፎርማንስ ስትሪት” በሚባለው የዚህ ቤተሰብ ክፍል ውስጥ ነው።

አራተኛው የሬስ ሸራ ነው። እሱን ጨርሼዋለሁ።

ደረጃ 4፦ ጠርዙ ላይ የተጻፈውን አንብቡ

ሰው ካርቶኑ ላይ ያለውን ሥዕል አይቶ ይገዛል፣ ዋናው ጽሑፍ ግን ሸራው ጠርዝ ላይ ወይ ጀርባው ብረት ላይ ነው ያለው። መጨረሻ ላይ ሁለት ፊደል ታገኛላቹ፣ ኢኢ (EE) ወይ ኤፍኤፍ (FF) ወይ ጂጂ (GG)፣ ወይም ተቀላቅሎ ጂኤፍ (GF)። የመጀመሪያው ፊደል በመደበኛ ሙቀት ያለውን የመያዝ ኃይል ነው ሁለተኛው ሲግል ያለውን። ኢ ማለት የሰበቃ መጠኑ ከ0.25 እስከ 0.35፣ ኤፍ ከ0.35 እስከ 0.45፣ ጂ ከ0.45 እስከ 0.55 ነው። ስለዚ ጂኢ የሚል ብታገኙ ቀዝቃዛውን ጥሩ ይይዛል ሲግል ግን ይደክማል ማለት ነው። ለዕለት ተዕለት ስፖርት መኪና ኤፍኤፍ በቂ ነው፣ ጂጂም መጥፎ አይደለም። ፊደሉ ግን ዳኛ አይደለም፣ ከሸራው በተቆረጠች ትንሽ ናሙና ላብራቶሪ ውስጥ የተለካ ነው፣ ደግሞም በበረዶ ጠዋት ምን እንደሚያደርግ አይነግራቹም፣ የመጀመሪያው ፊደል ራሱ የሚለካው ከ90 ዲግሪ በላይ ነው። እኔ ፊደሉን የምጠቀምበት ለማጣራት ነው፣ ሁለቱ ፊደል በጣም ከተራራቀ ወይ ጭራሽ ከሌለ አልገዛም።

አሜሪካ ላላቹ ደግሞ የቅጠል ምልክት ፈልጉ። ካሊፎርኒያና ዋሽንግተን ስቴት በ2010 ሕግ አውጥተው ሸራ ውስጥ ያለው መዳብ እንዲቀንስ አድርገዋል፣ ትቢያው በዝናብ ታጥቦ ወንዝ ሲገባ ለሳልመን ዓሣ መርዝ ስለሆነ ነው። ኤ፣ ቢ እና ኤን የሚባሉ ሦስት ደረጃዎች አሉ፣ ሦስቱም ቅጠል ተሞልቶ ኤን ካለ መዳቡ ከ0.5 በመቶ በታች ነው። አውሮፓ ያላቹ አር90 የሚለውን ማረጋገጫ እዩ፣ አሠራሩ ከኦሪጅናሉ ሸራ ጋር ተነጻጽሮ በ15 በመቶ ልዩነት ውስጥ መሆኑ ተፈትኗል ማለት ነው፣ እኔ ይሄን ፈተና በጣም ነው የማከብረው።

ደረጃ 5፦ ስም እየጠራን እንምረጥ

ተራራ የማይወጣ፣ ቸርኬው እንዲያበራ የሚፈልግ፣ ልጅ የሚያመላልስ ሰው የፋብሪካውን ኦሪጅናል ወይ እንደ አኬቦኖ ያለ ሴራሚክ ይግዛና በሰላም ይንዳ። ስፖርት መኪና ስለሆነ ብቻ ከዚህ የበለጠ አያስፈልገውም፣ ይሄን በሙሉ ልብ ነው የምለው።

እንደኔ ስራም ተራራም የሚነዳ ደግሞ ሃውክ ኤችፒኤስ 5.0፣ ኢቢሲ ሬድስታፍ፣ ስቶፕቴክ ስትሪት ከሚባሉት ሰፈር ይፈልግ። እኔ አሁን መኪናዬ ላይ ያለው ከነዚህ ሰፈር ነው፣ ጃንዋሪ ላይ ከመጀመሪያው ስቶፕ ይይዛል፣ ስፔሪቪል ስወርድም አልሸተተኝም። ትቢያው ከኦሪጅናሉ ይበዛል፣ በየሁለት ሳምንቱ ቸርኬ አጥባለሁ፣ ተቀብዬዋለሁ።

ወደ ላይ ከፍ ስትሉ ፌሮዶ ዲኤስ2500፣ ኢቢሲ የሎስታፍ፣ ሃውክ ኤችፒ ፕላስ አሉ። እነዚህ በዓመት አንድ ሁለት ቀን ትራክ ለሚሄድ ሰው ናቸው፣ ከተማ ውስጥ ይነዳሉ ግን ድምጽና ትቢያ አለ፣ በተለይ ኤችፒ ፕላስ በቀስታ ስትቆሙ ሰፈር ነው የሚሰማው። ትራክ ከምር የሚሄድ ሰው ደግሞ ሁለት ሙሉ ስብስብ ይያዝ፣ ትራክ ሲሄድ ይቀይር ሲመለስ ይመልስ፣ ከመሀል አንድ ነገር ፈልጎ ሁለቱም ጋ ከሚከስር ይሻላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ታዋቂ ስም ያላቸው ሸራዎች ፎርጅድ ይበዛባቸዋል። ኢንተርኔት ላይ ዋጋው ከሌላው ሁሉ በግማሽ ከወረደ፣ ካርቶኑ ላይ ፊደል ከተሳሳተ፣ የሸራው ቁጥርና የካርቶኑ ቁጥር ካልተመሳሰለ መልሱት። ሌላ ነገር ላይ ርካሽ ግዙ፣ እዚ ላይ ከታወቀ መለዋወጫ ሱቅ በደረሰኝ።

ደረጃ 6፦ ሸራውን ከማስገባታቹ በፊት ዲስኩንና ዘይቱን እዩ

አዲስ ሸራ በተቦረቦረ ዲስክ ላይ ማስገባት በአዲስ ጫማ ጠጠር ላይ መራመድ ነው። ዲስኩ ጠርዝ ወይ መሀሉ ላይ ዝቅተኛው ውፍረት በሚሊ ተጽፏል፣ በማይክሮሜትር ለኩት፣ ከሱ በታች ከሆነ ወይ ጥፍራቹ የሚያዝበት ቦይ ካለ ቀይሩት። የድሮው ሸራ ከአዲሱ የተለየ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ዲስኩ ላይ ያለው የድሮ ቅሪት በብርጭቆ ወረቀት መነሳት አለበት።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ለዛ ነው ዕድሜ ያለው። ዶት 3 አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ አይፈላም እርጥበት ሲጠጣ ግን መስፈርቱ 140 ነው፣ ዶት 4 ደግሞ አዲሱ 230 እርጥቡ 155። ለስፖርት መኪና ዶት 4 አድርጉና በየሁለት ዓመቱ ቀይሩ። ዶት 5 የሚለውን ግን አትንኩ፣ እሱ ሲሊኮን ነው ከነዚህ ጋር አይቀላቀልም፣ ዶት 5.1 ከሚባለው ሌላ ዘይት ጋር ስሙ ስለሚመሳሰል ሰው ይሳሳታል።

ደረጃ 7፦ መግጠም

በራሳቹ የምትገጥሙ ከሆነ መኪናውን ደረቅና ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሙ፣ በክሪክ አንሱና ስታንድ አስገቡ፣ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና አጠገብ እጅ አይገባም። ጎማ አውጡ፣ የካሊፐሩን የታች ቡሎን ፍቱና ወደ ላይ አጥፉት። ሙሉ በሙሉ ካወጣቹት በሽቦ ከሞላው ላይ እሰሩት እንጂ በፍሬን ጎማው ቱቦ አታንጠልጥሉት፣ ቱቦው ውስጡ ይሰነጠቃል ከውጪ አይታይም።

የድሮውን ሸራ ስታወጡ አትጣሉት፣ ጎን ለጎን አስቀምጡና እዩት። የውስጡና የውጪው እኩል ካላለቁ የካሊፐሩ ፒን ተይዟል ማለት ነው፣ ፒኑን አውጥታቹ ጠርጋቹ የፍሬን ሲሊኮን ግሪስ ቀቡት፣ ተራ ግሪስ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል። እዚ ቨርጂኒያ ክረምት ላይ መንገዱ ጨው ስለሚነሰነስበት ሸራው የሚቀመጥበት ብረት ይዝጋል፣ ሸራው ጠብቆ አይንሸራተትም፣ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አጽዱና ክሊፖቹን ቀይሩ። ብዙ ሰው “ሸራው ቶሎ አለቀ” ብሎ ካምፓኒ የሚሰድበው በዚች ዝገት ምክንያት ነው።

ፒስተኑን ለመመለስ የዘይቱን ክዳን ክፈቱ፣ ዙሪያውን በጨርቅ ሸፍኑ (ዘይቱ ቀለም ይልጣል)፣ የድሮውን ሸራ ፒስተኑ ላይ አድርጋቹ በትንሽ ሞርሳ ቀስ እያላቹ ግፉ። ቢአርዚ ላይ የእጅ ፍሬኑ ለብቻው ከኋላ ዲስኩ ውስጥ ስለሆነ የኋላውም ቀጥ ብሎ ይገባል፣ አንዳንድ መኪና ላይ ግን የኋላው ፒስተን እየዞረ ነው የሚገባው፣ በኤሌክትሪክ የእጅ ፍሬን ያለው ደግሞ መጀመሪያ ሰርቪስ ሞድ (የጥገና ሁኔታ) ውስጥ ካልገባ ይሰበራል። ሸራው ጆሮ ላይና ጀርባው ላይ ግሪስ በስሱ፣ ፊቱ ላይ ምንም። ጣታቹ ግሪስ ካለው ፊቱን አትንኩት።

የቢአርዚ ጎማ ዳዶ 89 ፓውንድ ፉት ነው (120 ኒውተን ሜትር)፣ በቶርክ ቁልፍ በኮከብ ቅርጽ አጥብቁ። ከዛ መኪናውን ከማንቀሳቀሳቹ በፊት ፔዳሉን ጠንካራ እስኪሆን ደጋግማቹ ርገጡ። ይሄን በድጋሚ ልጻፈው፣ ከማንቀሳቀሳቹ በፊት ፔዳሉን ርገጡ፣ ፒስተኑ ወደ ኋላ ስለተገፋ የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ነው የሚሄደው፣ ጋራዥ ግድግዳ ውስጥ የገባ ሰው አውቃለሁ።

ደረጃ 8፦ ማላመድ

ሰው የሚዘለው ይሄን ነው፣ ግማሹ ጥራት ያለው ደግሞ እዚ ነው። ሸራው ሲግል ከራሱ ስስ ሽፋን ዲስኩ ላይ ይቀባል፣ ያ ሽፋን እኩል ከሆነ ፍሬኑ ለስላሳ ነው፣ ከተበላለጠ መሪው ይንቀጠቀጣል። መሪው ሲንቀጠቀጥ “ዲስኩ ተጣሟል” የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ መጣመም ሳይሆን ይሄው ያልተስተካከለ ቅሪት ነው።

እሁድ በጣም ማለዳ ባዶ መንገድ ፈልጉ። ከ30 ወይ 35 ማይል ወደ 5 ማይል መካከለኛ አድርጋቹ እየያዛቹ ስምንት አስር ጊዜ፣ ሙሉ በሙሉ ሳትቆሙ። ከዛ ከ45 ማይል ጠንከር አድርጋቹ ኤቢኤስ ሳይገባ ሁለት ሦስት ጊዜ። ትንሽ ሽታ ሊኖር ይችላል፣ ያለ ነው። ከዛ ፍሬን ሳትነኩ አስር ደቂቃ ንዱ፣ አቁሙና የእጅ ፍሬን ሳትይዙ በማርሽ አስቀምጡት፣ እስኪቀዘቅዝ ተዉት። ፍሬኑ እንደጋለ ትራፊክ መብራት ላይ ፔዳሉን ረግጦ መቆም የሸራውን ቅርጽ ዲስኩ ላይ ያትማል። ካምፓኒው የራሱ መመሪያ ካርቶኑ ውስጥ ካለ የሱን ተከተሉ። በደንብ ሲለመድ ዲስኩ ላይ ግራጫ፣ ሰማያዊ የሚያደላ እኩል ቀለም ታያላቹ።

ከ50 እና ከ100 ማይል መሀል ዳዶዎቹን በቶርክ ቁልፍ አንድ ጊዜ እንደገና ፈትሹ። ከዛ በየዘይት ቅየራው የስልክ መብራት በቸርኬው ክፍተት አስገብታቹ የሸራውን ውፍረት እዩ፣ የውስጡንም ጭምር፣ መጀመሪያ የሚያልቀው ብዙ ጊዜ የማይታየው የውስጡ ነው። ቨርጂኒያ ኢንስፔክሽን የሚጥላቹ ከ2/32 ኢንች በታች ሲሆን ነው፣ ያ 1.6 ሚሊ ነው፣ እኔ 3 ሚሊ ላይ እቀይራለሁ ምክንያቱም ሸራው ሲሳሳ ሙቀቱ በቀጥታ ወደ ፒስተኑና ወደ ዘይቱ ነው የሚሄደው፣ ደግሞ ኦክቶበር ከመድረሱ በፊት።